ያረጀ ጠመንጃን ማንበብ፦ ስለ ልየታና ስለ ዋጋ ትመና



በአገራችን ከአያት ለልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። ስለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ዘወትር የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ምንድን ነው? ስንትስ ያወጣል? የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በመጀመሪያው ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ጠመንጃ እንደ ብራና ሰነድ የሚነበብ ነገር ነው፤ ጽሑፉ በጠፋ መጠን ዋጋውም አብሮ ይጠፋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በተለይ ካላመለከትሁ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከስም እንጀምር። አባቶቻችን ለመሣሪያዎቹ ያወጡላቸው ስሞች የመጡበትን አገር ይጠቁማሉ። «ሰናድር» በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው ስናይደር ነው። «ውጅግራ» ፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» በአማርኛ አፍ ተለውጦ የተገኘ ስም ሲሆን፣ የ1874 ሞዴል የሆነውን ባለ 11 ሚሊ ሜትር አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ያመለክታል። «በልጅግ» ቤልጅግ አገር የተሠራውን ይጠራል። ይሁን እንጂ ስም መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። አንዱ ስም ለሚመሳሰሉ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ሲነገር ይኖራልና።

ማስረጃው ብረቱ ላይ ነው። መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ መሣሪያው ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጣል፤ ይህን በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ለባለሙያ ይተወው። ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። የመጀመሪያው ጥይት የሚጎርስበት ክፍል አሠራር ነው፤ የስናይደር መዝጊያ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ጎን ይከፈታል፤ የግራ መዝጊያ ግን እንደ በር መቀርቀሪያ ተሽከርክሮ ወደ ኋላ ይሳባል። ሁለተኛው የአፈሙዙ ስፋት ነው፤ የስናይደር 14.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.4 ነው። ሦስተኛው የፋብሪካ ምልክት ነው፤ በፈረንሳዩ ላይ ሴንት ኤቲየን፣ ሻቴለሮ ወይም ቱል፣ በጣሊያኑ ላይ ቴርኒ፣ ብሬሻ፣ ቶሪኖ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ ይነበባል፤ በሩስያው በርዳን ላይ የሩስያ ፊደል ይገኛል።

ዓመተ ምሕረትን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በርካታ ስናይደሮች በአፈሙዝ በኩል ይጎርስ የነበረው የ1853 ሞዴል ኤንፊልድ ተለውጦ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ በጎኑ ብረት ላይ ያለው ዓመት ስናይደር ከመፈልሰፉ በፊት ያለ ሊሆን ይችላል። ይህ የሐሰት ምልክት አይደለም፤ የመሣሪያው የመጀመሪያ ልደት ነው። ቬተርሊም እንዲሁ ነው። በ1870 ሞዴልነቱ አንድ ጎራሽ ነበረ፤ ከ1887 ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተገጠመለት። 1875 ተብሎ የታተመበት፣ ነገር ግን ካዝና ያለው ቬተርሊ ብናገኝ፣ ሁለት ዘመናትን በአንድ አካል እናነባለን።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ከአቆጣጠር ልዩነት የሚመጣው ነው። ጠመንጃ ላይ «1888» ታትሞ ያየ ሰው የዓድዋ ዘመን መሣሪያ አገኘሁ ሊል ይችላል፤ የእኛ 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዓመት ነውና። የአውሮፓ ፋብሪካ ግን የሚያትመው የራሱን ዓመት ነው። መሣሪያው የተሠራው ከጦርነቱ ስምንት ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። ዓድዋ አልዋለም ማለት አይደለም፤ ዓመቱ ብቻውን ግን መዋሉን አያስረዳም።

አሁን ወደ ዋጋ እንምጣ። በምኒልክ ዘመን በአንዳንድ ገበያዎች ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ጠመንጃም የሚተመነው በሚሰጠው አገልግሎት ነበረ። ዛሬ የሚተመነው በምስክርነቱ ነው። ተማኝ በየክፍሉ የታተሙት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን፣ ሰደፉና አፈሙዙ ያልተለወጡ መሆናቸውን፣ ብርቅነቱንና የባለቤትነት ታሪኩን ይመዝናል። ውጅግራ በብዛት የተመረተ መሣሪያ በመሆኑ በዓይነቱ ብቻ ብርቅ አይባልም። በሰደፉ ላይ የባለቤቱ ስም በግእዝ ፊደል የተቀረጸበት፣ ማን ከማን እንደተቀበለው በጽሑፍ የተያዘለት ውጅግራ ግን ሌላ ነገር ነው። የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ታስሮ ቢገኝ ለውጭ ሰብሳቢ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን የኢትዮጵያዊ እጅ ፊርማ ነው።

ሕግም ዋጋን ይወስናል። በአሜሪካ የ1968ቱ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ብሎ ከተራው መሣሪያ ይለየዋል፤ የአንድ ዓመት ልዩነት ገዢውን ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በዚያው አገር ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ዓይነታቸውና ዓመታቸው ከብረቱ ላይ ይነበባል፤ ማን እንደያዛቸው፣ የት እንደዋሉ የሚናገር ወረቀት አብሮ ካልሄደ ግን ያ ታሪክ ከብረት ላይ ሊነበብ አይችልም። በእኛም አገር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እና የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ሁለቱም ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ስላሉ፣ ማንኛውም ሽያጭ ከመታሰቡ በፊት ሕጋዊ ሁኔታው መጣራት አለበት።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አደራ የምለው ይህ ነው። ያረጀ ጠመንጃ ያለው ሰው ምክር ቢጠይቃችሁ፣ በአሸዋ ወረቀት እንዳይፈትገው፣ ቀለም እንዳይቀባው፣ እንዳይተኩስበትም ንገሩት፤ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት የዘመኑን ጥይት ግፊት ላይችል ይችላል። ምልክቶቹን ፎቶግራፍ አንሡ፣ ቁጥሮቹን መዝግቡ። ከሁሉ በላይ ግን ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን በስማቸውና በቀኑ ጻፉ። ብረቱ ነገም ይቆያል፤ ተናጋሪው ግን አይቆይም።