ጎንዶላው ወይስ ሞኖሬሉ? የመዝናኛ ፓርክ ጉዞ እንዴት ይሠራል?

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርክ ይባል እንጂ ስፋቱ የከተማ ነው። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ አራት ትልልቅ ፓርኮች፣ ከሃያ በላይ ሆቴሎችና ሐይቆች ተበትነዋል። ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከአትላንታ ልጆቹን፣ ምናልባትም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት የመጡ እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ከቀኑ ቀላል የማይባለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በመጓዝና ለመጓዝ በመሰለፍ ነው። አውቶቡስም ጀልባም አለ። ሰው ደጋግሞ የሚያወዳድራቸው ግን ሁለቱን ነው፤ በኮንክሪት ላይ የሚሄደውን ሞኖሬልና በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን ጎንዶላ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ኬብል ካር የምንለውን። ለሁለቱም የተሳፋሪ ክፍያ የለም። ስለዚህ ምርጫው የገንዘብ አይደለም።

ጠቅላላ ልዩነታቸው ከአንድ ነገር ይመነጫል። ሞኖሬል ሰውን በጅምላ ያጓጉዛል፤ ጎንዶላ በችርቻሮ። ሰልፉም፣ ሙቀቱም፣ ብልሽቱም፣ ለአረጋውያን ያላቸው ምቾትም ከዚህ የሚከተል ነው።

ሞኖሬሉ እንዴት ይሄዳል?

ሞኖሬል ሐዲዱ አንድ ብቻ የሆነ ባቡር ነው። ሐዲዱም እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ብረት አይደለም፤ በግንባታ ሥራ ቢም የሚባለው አግዳሚ ኮንክሪት ነው። የዲዝኒው ቢም ስፋቱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ ይህን ጠባብ ቢም ከላይና ከሁለቱም ጎን አቅፎ ይሄዳል። ክብደቱን የተሸከሙት ጎማዎች በቢሙ አናት ላይ ይሽከረከራሉ። ሌሎች ጎማዎች ደግሞ ከግራና ከቀኝ የቢሙን ጎን ተጭነው ይይዛሉ። ባቡሩ እንዳያዘነብልና መታጠፊያ ላይ መንገዱን እንዳይስት የሚያደርጉት እነዚህ የጎን ጎማዎች ናቸው። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በቢሙ ጎን ከተዘረጋ መስመር ነው።

ዋልት ዲዝኒ ይህን ባቡር መጀመሪያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1959 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዲዝኒላንድ ነው። አሠራሩ ስዊድናዊው ባለሀብት አክሴል ቬነር-ግሬን ካቋቋመው ከአልዌግ ኩባንያ የተገኘ ነበር። የፍሎሪዳው መስመር ፓርኩ በተከፈተበት በ1971 ሥራ ጀመረ፤ በ1982 ደግሞ ኤፕኮት እስከሚባለው ፓርክ ተዘረጋ። ዛሬ የሚሠሩት ባቡሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ፉርጎ ያላቸው ሲሆን፣ አንዱ ባቡር 360 ሰው ገደማ ይጭናል።

ሁለት ባቡሮች እንዳይጋጩ መስመሩ በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል። ፊት ያለው ባቡር ክፍሉን ለቅቆ ሳይወጣ የኋላው አይገባበትም። ተሳፋሪው መንገድ መሃል ያለምክንያት የቆመ የሚመስለው ባቡር ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ፈቃድ እየጠበቀ ነው። ከዚህ የሚከብደው መስመር መቀየር ነው። ተራ ባቡር ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚሻገረው ቀጭን ብረት ተገፍቶለት ነው። ሞኖሬሉ ግን ቢሙን አቅፎ ስለያዘ፣ መንገድ እንዲቀይር ግዙፉ ቢም ራሱ በሞተር ተገፍቶ ቦታውን መለወጥ አለበት። በዚህ ምክንያት መቀየሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ባቡር ከተበላሸም ከኋላው ያሉት አልፈውት መሄድ አይችሉም።

ጎንዶላው እንዴት ይሄዳል?

ጎንዶላው ካቢን ውስጥ ሾፌር የለም፤ የሚያንቀሳቅሰው ሞተርም የለም። ሞተሩ ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው። ሞተሩ ትልቅ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ደግሞ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ቀለበት የሆነ የብረት ገመድ ይስባል። ገመዱ በማማዎች ላይ በተተከሉ ትንንሽ መንኮራኩሮች ላይ እያለፈ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ካቢኖቹ የዚህ ገመድ እንግዶች ናቸው።

የአሠራሩ ብልሃት ካቢኑን ከገመዱ ጋር የሚያያይዘው መንጋጋ ነው። መንጋጋው በጠንካራ ሞላ ኃይል ገመዱን ነክሶ ይይዛል። ካቢኑ ጣቢያ ሲገባ፣ ከመንጋጋው ጋር የተያያዘ ዘንግ ጣቢያው ውስጥ ካለ ቋሚ ሐዲድ ጋር ይገናኝና ይጫናል፤ መንጋጋውም ተከፍቶ ገመዱን ይለቃል። ገመዱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መንገዱን ይቀጥላል። ካቢኑን ግን በተርታ የተደረደሩ ጎማዎች ተቀብለው ፍጥነቱን ያበርዱታል። በሩ ይከፈታል፤ ካቢኑ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት እየተሳበ ሳለ ወራጁ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይገባል። በሩ እንደተዘጋ ሌላ የጎማ ተርታ ካቢኑን እስከ ገመዱ ፍጥነት ድረስ ያስሮጠዋል። ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ሲሆኑ መንጋጋው ገመዱን መልሶ ይነክሳል። እኩል ሳይሆኑ ቢነክስ ካቢኑ ክፉኛ ይናጥ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሰው ሲወጣና ሲወርድ በአየር ላይ ያሉት ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

የገመዱ ድክመት መታጠፍ አለመቻሉ ነው። ከማማ ወደ ማማ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ አቅጣጫ መለወጥ ካስፈለገ ጣቢያ መሥራት ግድ ይላል። ዲዝኒ ስካይላይነር ብሎ በሴፕቴምበር 2019 በከፈተው ጎንዶላ ላይ፣ ወደ ኤፕኮት በሚወስደው መስመር፣ ማንም የማይወርድበትና የማይሳፈርበት፣ ለመታጠፍ ብቻ የቆመ ጣቢያ አለ። ሥራውን የሠራው የኦስትሪያው ዶፕልማየር ኩባንያ ነው። ጎንዶላው ወደ 300 የሚጠጉ ካቢኖች አሉት፤ እያንዳንዱ እስከ 10 ሰው ይይዛል።

ፈጣኑ ለምን ቀድሞ አይደርስም?

ሞኖሬሉ በሰዓት እስከ 64 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ጎንዶላው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሴኮንድ 5 ሜትር ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ለሞኖሬሉ ይፈርዳል። እስቲ ለሂሳብ እንዲመች 3 ኪሎ ሜትር መንገድ እንውሰድ። ጎንዶላው በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ሞኖሬሉ መነሻና መቆሚያው ተደምሮ በአማካይ በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሄድ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ባቡሩ በየ6 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ግን ተሳፋሪው በአማካይ 3 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ሰው እስኪወርድና እስኪወጣ ሁለት ደቂቃ እንጨምር። ድምሩ 10 ደቂቃ ነው። ባቡሩ ዓይኑ እያየ ያመለጠው ሰው ደግሞ ሙሉውን 6 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ተራው ሳይደርስ ባቡሩ ከሞላ ሌላ 6 ደቂቃ ይጨምራል።

በሚጭኑት ሰው ብዛትም ቢሆን ግምቱ ያታልላል። ባለ 10 ሰው ካቢን በየ10 ሴኮንዱ ቢነሳና ቢሞላ በሰዓት 3,600 ሰው ያጓጉዛል። 360 ሰው የሚጭን ባቡር በየ6 ደቂቃው ቢነሳም እንዲሁ 3,600 ነው። ልዩነቱ በሰልፉ ላይ ይታያል። የሞኖሬል ሰልፍ ለረጅም ደቂቃዎች ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ በአንዴ ይሟጠጣል። የጎንዶላ ሰልፍ ረጅም እንኳ ቢሆን ያለማቋረጥ ይራመዳል። ማታ ርችቱ አልቆ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲወጣ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ይህን ልዩነት በትከሻዋ ታውቀዋለች። ቆሞ መጠበቅና እየተራመዱ መጠበቅ በሰዓት እኩል ቢሆኑም ለሰው ልብ እኩል አይደሉም።

ሙቀት፣ ነፋስና መብረቅ

ሞኖሬሉ በሩ ዝግ ነው፤ ማቀዝቀዣም አለው። የፍሎሪዳ በጋ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር የተጣመረ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተራ ዝናብም አያቆመውም። የስካይላይነሩ ካቢኖች ማቀዝቀዣ የላቸውም። አየር የሚገባው ካቢኑ ሲንቀሳቀስ በክፍተቶቹ በኩል ነው። እየሄደ ሳለ በቂ ነው፤ መንገድ ላይ ሲቆም ግን ካቢኑ ቶሎ ይሞቃል።

ነፋስና መብረቅ ከበድ ያለ ጉዳይ ነው። የተንጠለጠለ ካቢን በኃይለኛ ነፋስ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ከበዛ ከማማ ጋር ሊላተም ይችላል። ረጃጅሞቹ ማማዎችና የብረቱ ገመድ ደግሞ መብረቅ ይስባሉ። መካከለኛው ፍሎሪዳ ከአሜሪካ እጅግ መብረቅ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በድንገት ይጠቁራል። ማዕበሉ ሲቃረብ ሠራተኞቹ አዲስ ሰው መጫን አቁመው በገመዱ ላይ ያሉትን ያወርዳሉ፤ አገልግሎቱም ማዕበሉ እስኪያልፍ ይቆማል። የቆመው ለተሳፋሪው ደኅንነት ስለሆነ በሠራተኞቹ መበሳጨት አይገባም።

ሲበላሹ ምን ይሆናል?

ጎንዶላው በተከፈተ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2019፣ በኤፕኮቱ መስመር አንድ ጣቢያ ላይ ካቢኖች ተጠጋግተው ተጋጩ። መስመሩ ቆመ፤ አንዳንድ ተሳፋሪዎችም ለሦስት ሰዓት ያህል በአየር ላይ ቆዩ። አገልግሎቱ የተመለሰው ኦክቶበር 14 ነው። ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ ስለሆኑ፣ አንድ ካቢን ጣቢያ ውስጥ ከተቀረቀረ የሌሎቹም ጉዞ መቆም አለበት። ካቢኖቹ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ዕቃዎች የሚቀመጡት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

በሞኖሬሉ የደረሰው ይበልጥ ያሳዝናል። በጁላይ 2009 አንድ ባቡር መስመር ለመቀየር ወደ ኋላ ሲነዳ፣ መቀየሪያው ቢም ቦታውን ሳይለውጥ ቀረ። ባቡሩ በነበረበት መስመር ተመልሶ ጣቢያ ላይ ካለው ሌላ ባቡር ጋር ተጋጨ፤ የ21 ዓመት ወጣት ሾፌርም ሕይወቱ አለፈ። ከላይ ያየነው የከባዱ ቢም ጉዳይ ለምን ጥብቅ ቁጥጥር እንደሚፈልግ ይህ አደጋ በመራራ መንገድ አሳይቷል።

አረጋውያን፣ ሕፃናትና ዊልቸር

ሞኖሬሉ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነው የሚጭነው። ለዊልቸር ሠራተኛው መሸጋገሪያ ያነጥፋል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ተረጋግቶ መግባት ትልቅ እፎይታ ነው።

ጎንዶላው በተለመደው መግቢያ አይቆምም። ስለዚህም ብዙዎች «ለአረጋውያን አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። በስካይላይነሩ ጣቢያዎች ለዊልቸርና ረጋ ብለው መግባት ለሚፈልጉ የተለየ የጎን መስመር አለ። ካቢኑ ወደዚያ ወጥቶ ፈጽሞ ይቆማል፤ ዋናው መስመር ግን መዞሩን አያቋርጥም። ማንም ማንንም ሳያጣድፍ ሁሉም በየአቅሙ ይሳፈራል። የሚያስፈልገው መግቢያው ላይ ለሠራተኛው መናገር ብቻ ነው። የሕፃን ጋሪም ትልቅ ካልሆነ ሳይታጠፍ ይገባል። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ግን ሞኖሬሉ ይሻለዋል።

ከፓርኩ ውጭ

ሁለቱም የመዝናኛ ብቻ አይደሉም። የቶኪዮ ሞኖሬል ከ1964 ጀምሮ ከተማውን ከሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ያገናኛል። ዱባይ ያሉ ወገኖቻችን ከ2009 ጀምሮ የሚሠራውን የፓልም ጁሜይራ ሞኖሬል ያውቁታል። በገመዱ በኩል የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን በ2004፣ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ በ2014 ተራራ ላይ የሰፈሩ ሠራተኞቻቸውን ከመሃል ከተማ ጋር አገናኝተዋል። እስራኤል ሃይፋ የሚኖሩም ከ2022 ጀምሮ ከአውቶቡስ ተራው ወደ ቴክኒዮን የቴክኖሎጂ ተቋምና ወደ ዩኒቨርሲቲው በገመድ ይወጣሉ።

ዲዝኒ ሞኖሬሉን ከማስረዘም ይልቅ ወደ ገመዱ መዞሩም ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር ይገጥማል። ቢም በየ30 ሜትሩ ገደማ ምሰሶ ይፈልጋል፤ ገመድ ግን ከማማ ወደ ማማ ከ100 ሜትር በላይ ሊዘል ይችላል። ሐይቅና ረግረግ በበዛበት መሬት ላይ ይህ ብዙ ወጪና ብዙ ቁፋሮ ያድናል።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

መጀመሪያ መድረሻዎን ይመልከቱ። ሞኖሬሉ ማጂክ ኪንግደም የተባለውን ፓርክና የኤፕኮትን የፊት በር ያገለግላል። ስካይላይነሩ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የተባለውን ፓርክና የኤፕኮትን የኋላ በር። ሁለቱ በቀጥታ አይገናኙም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በኤፕኮት በኩል ለመሻገር መግቢያ ትኬት ይዞ ፓርኩን በእግር ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ጠዋት አየሩ ሳይሞቅ ጎንዶላው ደስ ይላል፤ ሰው ካልበዛም ቤተሰቡ ካቢኑን ለብቻው ሊያገኝ ይችላል። ቀትር ላይ፣ ወይም አዛውንት ይዘው በሚጓዙበት ሰዓት፣ መንገዱ የሚገጥም ከሆነ የሞኖሬሉ ቅዝቃዜ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ደመና ከተጠራቀመ ወደ ገመዱ ጣቢያ ከማቅናትዎ በፊት እየሠራ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከቆመ በአውቶቡስ ይሂዱ። የምሳ ቀጠሮ ያለው ሰው ለየትኛውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ይያዝ። የፍጥነት ቁጥሩ ላይ ብቻ ተመርኩዞ የወጣ ፕሮግራም ሰልፉ ፊት ሲደርስ ይፈርሳል፤ የመጠበቂያውን ደቂቃ አስቀድሞ የቆጠረ ቤተሰብ ግን ልጆቹንም አረጋውያኑንም ሳያደክም ቀኑን ይውላል።