ሲናና፦ ሮቤን የከበበው የስንዴ ወረዳ

ሲናና በኦሮሚያ ክልል በባሌ ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን የዞኑን ዋና ከተማ ሮቤን ከየአቅጣጫው ከቧል። በደቡብ ከጎባ፣ በምዕራብ ከዲንሾ፣ በሰሜን ከአጋርፋና ከጋሰራ፣ በምሥራቅ ከጎሮ ጋር ይዋሰናል። ሮቤ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሻሸመኔ ተነሥቶ ዶዶላንና አዳባን አቋርጦ የሚመጣው መንገድ ሮቤ ሲደርስ አንዱ ወደ ጎባ፣ ሌላው ወደ ጎሮና ጊኒር ይለያያል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሮቤ 44 ሺህ ያህል፣ ጎባ 32 ሺህ ያህል ነዋሪ ሲኖራቸው፣ የሲናና ሕዝብ ብቻውን ከ100 ሺህ በላይ ነበር። አብዛኛው ኦሮሞ ሆኖ ሙስሊሙና የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ በአንድ ቀበሌ ጎን ለጎን ይኖራል።

የወረዳው መሬት ባመዛኙ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የተነጠፈ ሜዳ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የባሌ ተራሮች ይነሣሉ፤ ከነሱ ከፍተኛው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የሜዳው ወንዞች ውሃቸውን የሚያገኙት ከነዚህ ተራሮች ነው። ሻያ በሮቤ አጠገብ አልፎ ወደ ወይብ ይፈስሳል። ወይብም በሰሜን ዞሮ ወደ ምሥራቅ ቆላ ይወርድና ከሮቤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። መተላለፊያዎቹ ተደምረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙት ይህ ዋሻ ከኢትዮጵያ ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ሰዎች ሶፍ ዑመርን በዋሻነቱና በሃይማኖታዊ ታሪኩ ያውቁታል፤ ያን ድንጋይ የሸረሸረው ውሃ ግን ከፊሉ በሲናና የስንዴ ማሳዎች መካከል ያለፈ ነው።

ሲናናን ከአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የሚለየው የዝናቡ ነገር ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ በልግ የማይታመን ትንሽ ዝናብ ነው፤ ገበሬው ዓመቱን የሚጥለው በክረምቱ ላይ ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ወቅቶች ዋና ናቸው። አንደኛው፣ ገንና የሚባለው፣ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፤ ሁለተኛው፣ ቦና የሚባለው፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአንድ ዓመት ሁለቴ ያርሳል፣ ሁለቴ ይዘራል፣ ሁለቴ ያጭዳል። ጥቅሙ ግልጽ ቢሆንም ችግርም አለው። የገንና ሰብል የሚደርሰው የቦናው ዝናብ ሊጀምር ሲል ስለሆነ እህሉ ሳይደርቅ እርጥበት ያገኘዋል፤ አንዳንዴም ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። አፈሩም ጥቁር፣ ውሃ ያዥ ዋልካ ስለሆነ ሲረጥብ ያጣብቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእርሻው ቀን ካለፈ በበሬ መመለሱ ከባድ ነው።

ትራክተርና ኮምባይነር በዚህ አካባቢ ከሌላው ቦታ ቀድመው የተለመዱት አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሜዳነቱና በደርግ ዘመን የተስፋፋው የመንግሥት እርሻም አግዘዋል። ዛሬ ጥቂት ጥማድ ብቻ ያለው ገበሬ እንኳ ስንዴውን በኪራይ ኮምባይነር ያሳጭዳል። ክፍያው በኩንታል ይታሰባል፤ ማሽኑን ከማሳው የሚያገናኘው ደላላ ነው፤ ዝናብ ሲያስፈራ የኪራዩ ዋጋ ይወጣል። ከስንዴ ሌላ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ተልባ ይዘራሉ። ሆኖም ስንዴው ሁሉንም ገፍቷቸዋል፤ የግጦሽ መሬቱንም ጭምር። ከብት በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚነዳበት ጎዳንቱ የሚባለው የቆየ ሥርዓት የጠበበው በባሌ ተራሮች ላይ በታወጀው ብሔራዊ ፓርክ ብቻ ሳይሆን እዚህ ሜዳው ላይ በተስፋፋው ማሳም ነው።

በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነው። ዛሬ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ይህ ማዕከል ካወጣቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱ ሶፍ ዑመር፣ ሌላው ማዳ ወላቡ ይባላሉ። ማዕከሉ አዲስ ዝርያ ከማውጣት ማረፍ የማይችለው በዋግ ምክንያት ነው። በዓመት ሁለቴ ስንዴ በሚዘራበት አገር የዋግ በሽታ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገርበት አረንጓዴ ሰብል አያጣም። በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች መታ። ገበሬው በምትካቸው የያዘውን ዲገሉን ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ አጠፋው። ሮቤ የሚገኘው የኦዳ ሮባ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ለፓስታና ለማካሮኒ ፋብሪካዎች የሚሆነውን የዱረም ስንዴ ከአባላቱ ሰብስቦ ያቀርባል።

አስተዳደሩ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ባሌ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን መቀመጫው ጎባ ነበር፤ በሥሩም ገናሌ፣ ዋቤ፣ ፋሲል፣ ደሎና ኤል ከሬ የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ከተነሣባቸው ምክንያቶች የመሬት ቅየሳና ግብር ዋናዎቹ ነበሩ። በፌዴራሉ ሥርዓት ባሌ የኦሮሚያ ዞን ሲሆን ዋና ከተማነቱ ወደ ሮቤ ተዛወረ። ሲናናም ቀድሞ ሲናና ዲንሾ ከሚባለው ወረዳ ተከፍሎ የአሁኑን ቅርጽ ያዘ፤ ዲንሾም ለብቻው ወረዳ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ የምሥራቁ ክፍል ምሥራቅ ባሌ ተብሎ ጊኒርን መቀመጫው አድርጎ ተለየ።

ሮቤ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት ከተማ አስተዳደር ስለሆነች የሲናና አካል አይደለችም። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ግን ያሉት ሮቤ ውስጥ ነው። ስለዚህ በወረዳው ውስጥ ያለ የኦቦራ ወይም የሰልቃ ገበሬ አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው እሱን ወደማታስተዳድር ከተማ ነው። ወረዳው ከክልሉ በሚመደብለት የጥቅል በጀት ትምህርት ቤቶችን፣ ጤና ጣቢያዎችንና የግብርና ልማት ሠራተኞችን ያስተዳድራል፤ ከገበሬው የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይሰበስባል። እህሉ ሮቤ ገብቶ በነጋዴ እጅ ሲወድቅ ግን የንግድ ፈቃዱም ግብሩም የከተማው ነው። ከስንዴው ንግድ የሚገኘው የግብር ገቢ ስንዴው ባልበቀለበት አስተዳደር መዝገብ መግባቱ ከተማን በሚከብብ ወረዳ ሁሉ የሚታይ ነገር ነው፤ ሆኖም እንደ ሲናና ያለ አንድ ሰብል ላይ የቆመ ወረዳ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

ከግብሩ በላይ የሚያነጋግረው ወሰኑ ነው። በገጠሩ ክፍል ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዞ ያርሳል፤ መሬቱን መሸጥ አይችልም፣ ማውረስና ማከራየት ግን ይችላል። የከተማው ክልል ሲሰፋና ያው ማሳ ወደ ሮቤ ሲካለል መሬቱ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ሥር ይወድቃል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ሲወሰድበት ገበሬው ካሳና የልማት ተነሺ ድጋፍ የሚጠይቀው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የማዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከተማዋን ያሰፋት ሲሆን፣ የኮንዶሚኒየምና የግል ቤት ግንባታም በየዳርቻው ማሳውን እየቆረሰ ነው።

ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም በሁለቱ መካከል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አሁንም የእርሻ መሬት ሲሆን ከሁለቱም ወገን እየጠበበ መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱን ከተሞች በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር የማዋሃድ ጉዳይ ሲነሣ የቀድሞዋ የጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጎባ ነዋሪዎች ተቃውመው አደባባይ ወጥተዋል። በከተሞቹ መካከል ያለው የገበሬ መሬት በየትኛው አስተዳደርና በየትኛው የመሬት ሕግ ሥር ይሁን የሚለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ነው።