የወንጂ ስኳርና የጓሮው እንሰት

ኢንዱስትሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መኪናውንና የጭስ ማውጫውን ነው። እኔ ግን ስለ ሸንኮራ ቆራጮቹ ጥቂት ለመግለጽ እወዳለሁ።

የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ወንጂ ላይ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ጉልበት አስፈለገው። ከሐዲያና ከከምባታም መሬት የጠበባቸው ጎልማሶች ለግብርና ለልብስ የሚሆን ብር ፍለጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረዱ። ደመወዙ ግን ቤተሰብ የሚያኖር አልነበረም። ታዲያ ሚስትና ልጆች ምን በሉ? መልሱ ከጓሮ ነው። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በተፈለገው ጊዜ ይፋቃል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ብዙ ወራት ይቆያል። የሚፍቁትም ሴቶች ናቸው፤ ባል ቢርቅ ምድጃው አይጠፋም። እንግዲህ ኩባንያው ያልከፈለውን ቀለብ የከፈሉት ሴት አያቶቻችን ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም (ሻዩ ላይ ስኳር የሚያበዛ ጓደኛዬ ይህን ይስማ!)። ዛሬ የሆሳዕና ወጣት የሚሄደው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እንሰቱን የሚፍቁት ግን ያው ሴቶቹ ናቸው።