የካቶድ ጨረር ቱቦን ጨረር አጣማሚ ጥቅል በእጅ ስለ መሥራት

በካቶድ ጨረር ቱቦ አንገት ላይ የሚጠለቀው ጨረር አጣማሚ ሁለት ጥንድ ጥቅል ሽቦ አለው፤ አንዱ ጥንድ የኤሌክትሮኑን ጨረር ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ይመራል። የጎን ጥንድ የሚቀመጠው ከአንገቱ በላይና በታች ነው፤ ይህም ጀማሪውን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ኤሌክትሮኑ የሚገፋው የመግነጢሱን መስመር ተከትሎ ሳይሆን መስመሩን አቋርጦ ነውና።

ሁለቱን ጥንዶች በአንድ ልክ መጠቅለል ለሠሪው ይቀላል፤ እኛ ግን አንመክርም። በ625 መስመር ቴሌቪዥን ጨረሩ ከላይ ወደ ታች በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲወርድ፥ ወደ ጎን 15,625 ጊዜ ይመላለስ ነበር። የሽቦው ዙር በእጥፍ ቢጨምር የሚያስፈልገው ጅረት በግማሽ ይቀንሳል፤ የጥቅሉ ኢንደክታንስ ግን 4 እጥፍ ስለሚሆን፥ ጅረቱን በዚያው ፍጥነት ለመለዋወጥ የሚጠየቀው ቮልት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለጎኑ ጥንድ ወፈር ያለ ሽቦ በጥቂት ዙር፥ ለቁሙ ቀጠን ያለ ሽቦ በብዙ ዙር እንጠቀልላለን።

ቱቦው ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም በሺሕ የሚቈጠር ቮልት ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፥ ጥቅሉን ከማጥለቃችን በፊት ቮልቱን ወደ መሬት እናፈሳለን። በመጀመሪያው ሙከራም ብርሃኑን እጅግ ዝቅ እናደርጋለን፤ ከጥቅሎቹ ጅረት ከታጣ ጨረሩ ባንድ ነጥብ ቆሞ የመስተዋቱን ፎስፎር ያቃጥላል።