የአል ሆል ልጆች ኃላፊነት የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2025 የሶሪያው ፕሬዚዳንት አሕመድ አል ሻራና የኩርዶቹ አዛዥ ማዝሉም አብዲ የፈረሙት ስምምነት የድንበር ኬላዎችን፣ አውሮፕላን ማረፊያንና የነዳጅ ጉድጓዶችን በስም ጠቅሷል። በኩርዶቹ እጅ የነበሩት የአይ ኤስ እስረኞችና ቤተሰቦቻቸው ግን በስም አልተነሡም። በ2019 የአይ ኤስ የመጨረሻ ይዞታ ባጉዝ ስትወድቅ፣ ቤተሰቦቹ በሶሪያ የተያዙበት የአል ሆል ካምፕ ነዋሪ ከ70,000 አልፎ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ሕፃን ነበር።

የአይ ኤስን ተጠርጣሪዎች የሚዳኝ ልዩ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ ስዊድን በዚያው ዓመት አንስታው ነበር፤ አልሆነም። ሶሪያም ኢራቅም የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደሉም። ኢራቅ ከሶሪያ በተላለፉላት 11 ፈረንሳውያን ላይ በአጫጭር ችሎቶች ሞት ፈረደች። እዚያ ሰውን ለመቅጣት የአባልነት ክስ ብቻ ስለሚበቃ፣ አይ ኤስ በባርነት የሸጣቸው የያዚዲ ሴቶች ቃል የሚሰማበት ዕድል ጠባብ ነው።

የጀርመን መንገድ ይሻላል። በ2021 የፍራንክፈርት ችሎት አንዲት የ5 ዓመት የያዚዲ ልጅ ፀሐይ ላይ አስሮ በውኃ ጥም የገደለ የአይ ኤስ አባል ላይ በዘር ማጥፋት ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት በየነ። እናቷ ችሎት ፊት ቆማ መሰከረች። ተጠርጣሪው በረሃ ላይ እንዲረሳ ቢተው ኖሮ ይህች እናት ዳኛ ፊት ባልደረሰች ነበር።

ብሪታንያ የመረጠችው ዜግነት መግፈፍን ነው። በ15 ዓመቷ ከለንደን የወጣችው ሻሚማ ቤገም በ2019 ዜግነቷን ተነጠቀች። መንግሥት በወላጆቿ በኩል የባንግላዴሽ ዜጋ ናት ሲል ተከራከረ፤ ባንግላዴሽ አላውቃትም አለች። ይህ እርምጃ አደጋውን አያጠፋውም፤ ከራሳቸው ቁስል ገና ያላገገሙ የአካባቢው ሰዎች ትከሻ ላይ ይጥለዋል እንጂ። በ2022 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በፈረንሳይ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔም ልከኛ ነው፦ መንግሥት ዜጎቹን የመመለስ አጠቃላይ ግዴታ የለበትም፤ እምቢ ካለ ግን ውሳኔው በገለልተኛ አካል መታየት አለበት።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የካዛኪስታን ሥራ ነው። ዡሳን በተባለው ዘመቻ ከ500 በላይ ዜጎቿን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ በአውሮፕላን መልሳለች። ሴቶቹና ልጆቹ መጀመሪያ በካስፒያን ባሕር ዳር በአክታው ከተማ አቅራቢያ ታከሙ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገራቸው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ወላጅ ያጡት ለአያቶቻቸውና ለዘመዶቻቸው ተሰጡ። ወንጀል የተገኘባቸው ታሰሩ። በ2019 ኮሶቮም 110 ሰዎችን በአንድ ጉዞ አመጣች። ሁለቱም ከፓሪስና ከለንደን የተሻለ ሀብት ኖሯቸው አይደለም።

መዘግየቱ የሚያስከፍለውን ደግሞ በ2023 እስከ ሶሪያ ካምፖቹ ድረስ የሄዱት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር ፊዮኑላ ኒ ኦሌን መዝግበውታል፦ ወንዶች ልጆች ለአቅመ አዳም ሲቃረቡ ከእናቶቻቸው ተነጥቀው ወደ ሌላ ማቆያ ይወሰዱ ነበር፤ ክስም ዳኛም አልነበራቸውም።