ከሱስ መላቀቅ በቡድን፦ ወንበሮችን በክብ መደርደር ምን ይፈይዳል?

ጫት የሚቃምበትን ክፍል የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ በርጫ የብቻ ጉዳይ አይደለም። ፍራሹም፣ ውኃውም፣ ኦቾሎኒውም ለብዙ ሰው የተሰናዳ ነው። ጨዋታው ከቅጠሉ እኩል ይናፈቃል። ከዚያም ምርቃናውን ለመስበር ወደ መጠጥ ቤት የሚኬደው በቡድን ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን አካባቢም ከጫት ጋር የሚደረገው ትውውቅ ብዙውን ጊዜ በፈተና ሰሞን፣ «አብረን እናጥና» በሚል ጓደኛ አማካይነት ይጀመራል። እንግዲህ ወጣቱ ወደ ሱስ የሚገባው በማኅበር ሆኖ ሳለ ከሱስ ውጣ የሚባለው ግን ብቻውን ነው። «ቆራጥ ሁን»፣ «ወንድ ከሆንክ ተወው» ይባላል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ «ሱሰኛ» የሚል ስም ይወጣለታል።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ የተለየውን መንገድ፣ ማለትም የቡድን ሕክምናን፣ ምንነትና ጠቀሜታ ለመመልከት እንሞክራለን። የፊዚክስ መምህር በሥነ ልቦና ጉዳይ ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ ቢኖር ተገቢ ጥያቄ ነው። በአንድ በኩል፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከፊት ረድፍ ተቀምጠው በሦስተኛው ሴሚስተር ከክፍል የጠፉ ተማሪዎችን አይተናል። በሌላ በኩል ነገሩ በመጨረሻ የመለካት ጥያቄ ነው፤ መለካት ደግሞ ሙያችን ነው።

ሱስ ምን ያስታውሳል?

በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲበራከት ያደርጋል፤ አልኮልም በሌላ ጎዳና ተጉዞ እዚያው ይደርሳል። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር አንጎል የሚመዘግበው ንጥረ ነገሩን ብቻ አለመሆኑ ነው። አብሮት የነበረውን ሁሉ፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ የጓደኛን ድምፅ ጭምር ይመዘግባል። ስለሆነም ለወራት የተወ ሰው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የድሮ ጓደኛውን መንገድ ላይ ሲያገኝ ሐራራው ድንገት ይነሣበታል። ይህ የባሕርይ ድክመት ሳይሆን የተማረ አንጎል ሥራ ነው።

ከቦስተን እስከ አክሮን

የቡድን ሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሱስ ሳይሆን ከሳንባ ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕራት የተባለ የቦስተን ሐኪም ድሆች የነቀርሳ ሕመምተኞችን በሳምንት አንድ ቀን እየሰበሰበ ስለ ዕረፍትና ንጽሕና ያስተምር ነበር። ሕመምተኞቹ ከትምህርቱ ባልተናነሰ እርስ በርሳቸው በመተያየት እንደሚበረታቱ አስተዋለ።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም.፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄደ። መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈ፤ ካረፈበት ሆቴልም የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ይሰማው ነበር። በዚያች ሰዓት የፈለገው ሐኪም ወይም መካሪ አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተጎዳና እርሱ ሊረዳው የሚችል ሌላ ሰው ነበር። ስልክ ደውሎ አፈላልጎ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው፣ አባላቱ ስማቸውን የማይገልጹበት የአልኮለኞች የመረዳጃ ማኅበር ከዚህ ግንኙነት ተወለደ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመረዳጃ ማኅበሩ ባለሙያ መሪ የለውም፤ ክፍያም አይጠይቅም። የቡድን ሕክምና የሚባለው ግን በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዎች የሚገኙበት፣ እስከ 90 ደቂቃ የሚቆይ ቋሚ ስብሰባ ነው። በሁለቱም ዘንድ የማይጣሰው ሕግ እዚያ የተነገረው እዚያው መቅረቱ ነው።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባችን ለሁሉም ክፍት ወደሆነ የማኅበሩ ስብሰባ አብረነው እንድንሄድ ለመነን። ያንኑ ሕግ ለማክበር ስንል ስሙንም አገሩንም አንጠቅስም። ስብከት ወይም ሌክቸር ጠብቀን ነበር። ያገኘነው ግን የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የብረት ወንበሮችና ውኃ የመሰለ ቡና ነው። አንድ ሽማግሌ ዐሥር ዓመቱ መሆኑን ተናገረ። አንዲት ሴት ቀጠለችና «አራት ቀኔ ነው» አለች፤ ለእርሷ የተጨበጨበው ጭብጨባ ከሽማግሌው በለጠ። ከስብሰባው በኋላ ባልደረባችን «እኔ እንኳ የምጠጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው» ሲል አንድ የከባድ መኪና ሹፌር «ያንተ ቅዳሜ ረቡዕ ይጀምራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ሁሉም ሳቁ፤ እርሱም ሳቀ። እኛ ይህንኑ ልንነግረው ዓመት ሙሉ ፈልገን ይሉኝታ ይዞን ነበር። ብንናገርም እንደ ወቀሳ ይሰማው ነበር እንጂ አያስቀውም ነበር። ሹፌሩ ያንን ለመናገር የሚያስችለው መብት ነበረው፤ እርሱም ራሱ በዚያው መንገድ አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ የቡድን ሕክምናን አሠራር የተነተነው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም እንዲህ ያሉትን ነገሮች በስም ለይቷቸዋል። «ይህ የደረሰብኝ እኔን ብቻ አይደለም» ብሎ መረዳት፣ ቀድሞ የዳነን ሰው አይቶ ተስፋ ማድረግ፣ ሌላውን በመርዳት ራስን እንደ ጠቃሚ ሰው መቁጠር ከእነዚህ ይገኙበታል።

ግን በእርግጥ ይሠራል?

ወደ ስብሰባ የሚመላለሱ ሰዎች ከማይመላለሱት ይልቅ መጠጥ ማቆማቸው ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ይህ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። ቤተ መጻሕፍት የሚያዘወትሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት ያመጣሉ፤ ሆኖም ውጤቱን ያመጣው ቤተ መጻሕፍቱ ይሁን ተማሪዎቹን ወደዚያ የወሰዳቸው ትጋት በዚህ ብቻ አይታወቅም። መፍትሔው ማን ወደ ማኅበሩ እንዲሄድ እንደሚበረታታ በዕጣ መወሰን ነው። ዕጣ የማንንም ቁርጠኝነት አያውቅም። ኪት ሐምፍሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥናቶችን እንደገና ሲያሰሉ፣ በዕጣው ምክንያት ብቻ የመጣው ተሳትፎ ከመጠጥ የጸዱ ቀናትን እንደሚጨምር አገኙ። ቀድሞውኑ አዘውትረው ይሳተፉ በነበሩት ላይ ግን ይህ አልታየም።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎች መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ጉዳዩን አይቶ አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ግን 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ ሐሳቡን ለወጠ። ሰዎችን ወደ ማኅበሩ በሥርዓት ከሚያስገቡ ፕሮግራሞች ተሳታፊዎች መካከል ከዓመት በኋላ ፈጽሞ ሳይጠጡ የቆዩት 42 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ሌሎች የታወቁ ሕክምናዎችን ካገኙት 35 በመቶ ያህል ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ከመቶ ሰባት ሰው ነው። ሆኖም ንጽጽሩ ከባዶ ጋር ሳይሆን ከደህና ሕክምና ጋር መሆኑን ልብ ይሏል።

በባለሙያ የሚመራውን ቡድን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የወጣ ግምገማ በቡድንና በግል በሚሰጥ የሱስ ሕክምና ውጤት መካከል ልዩነት አላገኘም። ባለሙያ በማይበዛበት አገር ይህ «ልዩነት የለም» የሚለው ቃል ትልቅ ዜና ነው። ስምንት ሰዎችን በተናጠል ለአንድ አንድ ሰዓት ማነጋገር የሥራ ቀን ይፈጃል፤ በቡድን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

የጆን ኬሊና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ማኅበሩ ከሚሠራባቸው መንገዶች ዋነኛው ምን እንደሆነ አመልክቷል። የሚለወጠው የሰውየው ባልንጀራ ነው፤ የሚጠጡት ጓደኞቹ ያንሳሉ፣ የማይጠጡት ይበዛሉ። ስለ በርጫው ያነሣነው ነገር በዚህ ይመለሳል።

ቡድን የማይተካው

ለብዙ ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊገጥመው፣ ሊሞትም ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ስብሰባ ሳይሆን ሐኪም ነው። ለሄሮይንና መሰል ሱሶችም መድኃኒት አለ፤ ወሬ አይተካውም። ሌላው አደጋ በተለይ ትምህርት ቤቶችን ይመለከታል። ቶማስ ዲሽየንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ ጠባያቸው የተበላሸ ልጆችን በአንድ ላይ መሰብሰብ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱን ያባብሰዋል፤ አንዱ ስለ ጥፋቱ ሲያወራ ሌሎቹ ይስቁለታል፣ ሳቁም ሽልማት ይሆናል። የዳነ ሰው ወይም ብርቱ መሪ የሌለበት ክብ ሌላ በርጫ ነው።

ለእኛ ካምፓሶች ከባዱ ነገር ምስጢር መጠበቁ ይመስለናል። ስድስት ሰው በሚያድርበት ዶርም ገመና አይደበቅም። ስለዚህ ቡድን ለማቋቋም የሚያስብ የተማሪዎች ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ቢሮ ቢኖር፣ በሩ ላይ ስሙን ባይጽፍ፣ ከአንድ ዶርም ሁለት ሰው በአንድ ቡድን ውስጥ ባያስገባ ጥሩ ነው። ሰዓቱንም ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ቢያደርገው እንመርጣለን፤ በርጫው የሚጀመረው ያኔ ነውና።