ምርጥ ምድጃችሁ ጭሱ በዛ? ምጣዱስ አልግል አለ?

ደንበኞቼ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ምድጃውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ እዚያው ማድ ቤት የሚስተካከል ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ማገዶው። ፍልጡ ሲነድ ጫፉ ላይ እየተንጫጫ አረፋ ከደፈቀ እርጥብ ነው። እሳቱ ምጣዱን በማጋል ፋንታ ውሃ ሲያተን ይውላል። ባህር ዛፉን አቅጥናችሁ ፍለጡ፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ዝናብ በማያገኘው ቦታ አድርቁ።

2. አፉ። እንጨት ከተጠቀጠቀበት አየር መግቢያ ያጣል። ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ማግዱ። የትናንቱን አመድ ሳትጠርጉ አትለኩሱ።

3. መገጣጠሚያው። ምርጥ ምድጃ በሲሚንቶ የተሠሩ ክፍሎች ተገጣጥመው የሚቆም ነው። በክፍሎቹ መካከል ወይም በምጣዱ ጠርዝ ጭስ ከሾለከ ሙቀቱም አብሮ እየወጣ ነውና በጭቃ ምረጉት።

4. የኋላው መውጫ። ድስት የሚጣድበት በኩል በጥላሸት ወይም በአመድ ከተደፈነ ጭሱ በአፉ ይመለሳል። ድስቱም መውጫውን ግጥም አድርጎ መዝጋት የለበትም።

5. ፍሙ። እንጀራው በአንድ ጎን ዓይን አውጥቶ በሌላው ድፍን ከሆነ፣ ፍሙ አንድ ቦታ ተከማችቷል። በመቆስቆሻ ዙሪያውን በትኑት።

ለመለኮሻ ጭራሮ እንጂ ፌስታል ወይም ጎማ አትጠቀሙ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ስትጋግሩም በርና መስኮቱን ክፈቱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለ፣ የአፉንና የኋላ መውጫውን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።